ፍሬን የሌላት ሞተር

ታናሽ ወንድሜ ከዱባይ የተመለሰ ዕለት ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ የተቀበልሁት እኔ ነበርሁ። ሌሊት ነው። ከመውጫው በር ሰው ይጎርፋል፤ ጋሪው በሻንጣ የተቆለለ፣ ቴሌቪዥን የታቀፈ፣ ሕፃን ያዘለ… እሱ ከሁሉም ኋላ ወጣ። በትከሻው ላይ አንዲት ቦርሳ ብቻ አንጠልጥሏል። ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ተቃቀፍን። ከዚያም፣ አንባቢ ሆይ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ባስታወስኋት ቁጥር ፊቴን የምታቀላዋን ጥያቄ ጠየቅሁት፦

“ሻንጣህስ?”

ቃሏ አንዲት ናት፤ ትርጉሟ ግን ሌላ ነበር። “ምን ይዘህ መጣህ?” ማለቴ ነበር። ለጉዞው ስል ከመሥሪያ ቤቴ የተበደርሁት ገንዘብ ገና ሁለት ዓመት ሙሉ ከደመወዜ የሚቆረጥ ዕዳ ነበር። እሱም ሰሙን ትቶ ወርቁን ሰማ። “ይቺው ናት፣ ወንድም ጋሼ” አለኝ። ታክሲው ቤታችን በር ላይ እስኪያደርሰን ድረስ አንዲት ቃል አልተነጋገርንም።

እናታችን ነጠላዋን አጣፍታ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችን። እሷ እጁን አላየችም። እግሩን ነው ያየችው። “ምን ሆነህ ነው ልጄ?” አለች። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ያልጠየቅሁትን እሷ ገና ከሩቅ ጠየቀችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ከባድ ነበሩ። ጎረቤት “እንኳን ለአገርህ አበቃህ” ሊል ይመጣል፤ ቡናውን ፉት እያለ ዓይኑ የቤቱን ማዕዘን ይዳስሳል። አዲስ ቴሌቪዥን የለም። አዲስ ማቀዝቀዣ የለም። በእኛ ሰፈር ያልተጻፈ ሕግ፣ ከውጭ አገር ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው እንደ ሞተ ይቆጠራል፤ ልዩነቱ ለሞተው ድንኳን የሚተከልለት መሆኑ ነው። ወንድሜ ክፍሉን ዘግቶ ተቀመጠ። ቀን ይተኛል፤ ሌሊት ስልኩን ያያል።

አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ሻማ ፍለጋ ወደ ክፍሉ ስገባ በስልኩ ብርሃን ፊቱ ሰማያዊ መስሎ አየሁት። ድምፁን ዘግቶ የቆየ የሞተር ብስክሌት ውድድር ይመለከታል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። አራት ሰዎች ናቸው። ቀይ አሸዋ የመሰለ አፈር በፈሰሰበት ሞላላ ሜዳ ላይ እንደ እብድ ይሽከረከራሉ። ከመታጠፊያው ሲደርሱ ሞተሮቻቸው ወደ ጎን ይንሸራተታሉ፤ የኋላው ጎማ አፈሩን ወደ ተመልካቹ ይረጫል።

“ይኼ ሰው ሊወድቅ ነው” አልሁት።

“አይወድቅም። እንዲህ ነው የሚታጠፉት።”

“ፍሬኑን ለምን አይዝም?”

ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። “ፍሬን የላትም፣ ወንድም ጋሼ።”

ዱባይ ውስጥ ሥራው በሞተር ብስክሌት ምግብና ዕቃ ማድረስ ነበር። ሞተር ከልጅነቱ ጀምሮ ይወዳል። እኔ ግጥም በምወድበት ዓይነት ይወዳል ብል አላጋነንሁም። ያን ምሽት መብራቱ እስኪመጣ ድረስ አስረዳኝ። ውድድሩ ስፒድዌይ ይባላል። አራት ተወዳዳሪ፣ አራት ዙር፣ አንድ ደቂቃ ገደማ። ሞተሯ 500 ሲሲ ናት፤ ፒስተኗ አንድ ነው፤ የምትጠጣው ቤንዚን ሳይሆን ሜታኖል ነው። ማርሿ አንድ ብቻ ነው። ፍሪሲዮን አላት፤ ፍሬን ግን በጭራሽ የላትም። ተጠጋግተው ሲበሩ አንዱ በድንገት ፍሬን ቢይዝ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይወጡበታልና አለመኖሩ ይሻላል። ዙሩ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው። የግራ እግራቸው ጫማ ከሥሩ ብረት ለብሷል፤ መሬት ላይ እያንሸራተቱ ሚዛን ይጠብቁበታል።

“አሁን መሪውን እይ” አለኝ። አየሁ። ሰውዬው ወደ ግራ እየታጠፈ መሪውን ወደ ቀኝ አዙሮታል።

“የሚያዞራት መሪው አይደለም፤ ጋዙ ነው። ጋዝ ሲሰጣት የኋላው ጎማ ወደ ውጭ ይሸሻል፤ ያን ጊዜ አፍንጫዋ ወደ ውስጥ ይዞራል። ፈርቶ ጋዙን ከቀነሰ ነው የሚወድቀው።”

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ገንዘብ እቀበላለሁ፤ እከፍላለሁ፤ ማታ ሂሳብ እዘጋለሁ። በመታጠፊያ ላይ ጋዝ መስጠት የሚባል ነገር በሥራዬ የለም። ይሁን እንጂ ያ ምስል ከዓይኔ አልጠፋ አለ። በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ስለዚህ ነገር ማንበብ ጀመርሁ፤ እንዲህም ሆኖ ኢቫን ሞገር ከሚባል ኒውዚላንዳዊ ጋር ተዋወቅሁ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢቫን ሞገር ኒውዚላንድ ውስጥ በክራይስትቸርች ከተማ በ1939 ተወለደ። ይህች ከተማ ለስፒድዌይ የተመረጠች ምድር ነበረች ማለት ይቻላል። የዚያው ከተማ ልጅ የሆነው ሮኒ ሙር በ1954 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ሌላው የከተማዋ ልጅ ባሪ ብሪግስም በ1957 ተከትሎታል። ሁለቱም ስማቸውን የተከሉት በለንደኑ የዊምብልደን ክለብ ነው። እንግዲህ ለአንድ የክራይስትቸርች ወጣት “እንግሊዝ ሄዶ መወዳደር” ማለት ለእኛ ሰፈር ልጅ “ዱባይ” የማለት ያህል ነበር። ቀድመው የሄዱ አሉ፤ ሄደውም ሆነው ታይተዋል።

ሞገርም በዚያው በ1957፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ከወጣት ሚስቱ ከሬይ ጋር ዊምብልደን ደረሰ። አልሆነለትም። የአገሩ ልጅ ብሪግስ የዓለምን ዘውድ በጫነበት ዘመን እሱ በቡድኑ ውስጥ ቋሚ ቦታ እንኳ ማግኘት አቃተው። ችሎታው ገና ነበር። ተመልሶ ወደ አገሩ ገባ።

እዚህ ላይ ማንበቤን አቆምሁ። የምሳ ሰዓቴም አልቆ ነበር። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ሰልፍ ተይዟል። የተቀበልሁትን ብር እየቆጠርሁ ልቤ ግን ክራይስትቸርች ነበር። ይህ ወጣት ወደ ሰፈሩ ሲገባ ጎረቤቱ ምን አለው ይሆን? ሙር ሻምፒዮን፣ ብሪግስ ሻምፒዮን፤ አንተስ? ምን ይዘህ መጣህ?

የቆጠርሁት ብር ሁለት ጊዜ አልመጣጠን አለኝ።

ሞገር ከተመለሰ በኋላ ስሙ በትልልቅ ስታዲየሞች የማይጠራባቸው ዓመታት ተከተሉ። ኒውዚላንድና አውስትራሊያ ውስጥ ተወዳደረ። በአውስትራሊያ ጃክ ያንግን አገኘ፤ በ1951 እና በ1952 የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው፤ ከእሱም ተማረ። በአጭሩ ሜዳ ብቻ ሳይሆን ሎንግ ትራክ በሚባለው ረጅም ሜዳም ራሱን ፈተነ። ይህ የስፒድዌይ ታላቅ ወንድም ነው። ዙሩ እስከ 1000 ሜትር ይደርሳል፤ በአሸዋ ወይም በሣር ላይ ይካሄዳል፤ በጀርመን ብዙ ጊዜ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነው የሚያስተናግደው። ፍሬን የሌለው ነገር ሜዳው ሲረዝም ፍጥነቱ ምን እንደሚሆን አንባቢ ይገምተው።

በ1963 ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ይህን ጊዜ ግን የለንደንን ትልቅ በር አላንኳኳም። በሰሜን ያለውን የኒውካስል ክለብ ያዘ፤ የሚወዳደረውም ፕሮቪንሻል በሚባለው በሁለተኛው እርከን ሊግ ነበር። በዚያው ዓመት የሊጉን የግል ሻምፒዮና አሸነፈ፤ በ1964ም ደገመው፤ ክለቡም በ1964 የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ ወደ ዓለም ፍጻሜ። በ1966 አራተኛ ሆነ። በ1967 ሦስተኛ። በ1968 ስዊድን ጎተንበርግ ላይ አንደኛ።

የዚያን ዘመን የዓለም ፍጻሜ አወጣጥ ለእኔ ዓይነቱ ሂሳብ ዘጊ እጅግ የሚጥም ነው። አሥራ ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ሃያ ዙር ውድድር በአንድ ምሽት ይካሄዳል። እያንዳንዱ አምስት ጊዜ ይወጣል፤ ከሌሎቹ ከእያንዳንዳቸው ጋር አንድ አንድ ጊዜ ይገናኛል። ለአንደኛ 3፣ ለሁለተኛ 2፣ ለሦስተኛ 1፣ ለመጨረሻው 0። ሙሉ ነጥብ 15 ነው። አንድ ስህተት፣ አንድ የዘገየ አነሳስ፣ አንድ የጠፋ ሞተር የዓመቱን ልፋት ሁሉ ያጎድላል። ሂሳቡ ማታውኑ ይዘጋል፤ ለነገ የሚተላለፍ ቀሪ የለም። በ1968 ሞገር 15ቱንም ይዞ ወጣ።

በ1969 ለንደን ዌምብሌይ ላይ ደገመ። በ1970 ፖላንድ ቭሮትስዋፍ ላይ ሠለሰ። ሁለት አሜሪካውያን አድናቂዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ በተከታታይ ካሸነፍህ ሞተርህን በወርቅ እናስለብጥልሃለን ብለውት ነበርና ቃላቸውን ጠበቁ። ጃዋ የተባለችው የቼኮች ሥራ የሆነች ሞተሩ በወርቅ ተለብጣ ቀረች። ፎቶግራፏን አይቻለሁ። ታበራለች። ግን ከዚያ ወዲያ ለውድድር የምትወጣ ሞተር አይደለችም። ወርቅ የለበሰች ሞተር ለእይታ ትቆማለች እንጂ ጭቃ አትነካም።

እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ነን፤ ወርቁ ከሰሙ ሥር ተሸሽጎ መገኘት እንዳለበት እናውቃለን። በዚህች ሞተር ላይ ግን ወርቁ ላይ ነው፤ ከሥሩ ያለው ብረት ነው። እናም ፎቶውን ባየሁት ቁጥር እንዲህ አልሁ፦ የዚህ ሰው ወርቁ ብረቱ ነው። ወርቁ ከ1957ቱ ሽንፈት እስከ 1963ቱ መመለስ ድረስ ያሉት፣ ማንም በወርቅ ያልለበጣቸው ዓመታት ናቸው።

አሁን ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር፤ ይህን ሁሉ የምተርክበት ምክንያት ያለዚያ አይገለጥም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ግጥም እጽፍ ነበር። በአንድ የግጥም ምሽት መድረክ ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹን ስንኞች በድፍረት ወረድሁባቸው። መሐል ላይ ቃሉ ጠፋኝ። ወረቀት አልያዝሁም ነበር፤ ገጣሚ ከልቡ እንጂ ከወረቀት አያነብም ብዬ የማምን ወጣት ነበርሁ። ዝምታው አንድ ደቂቃ የሞላ አይመስለኝም፤ የስፒድዌይ አንድ ዙር ያህል ነው። ለእኔ ግን እስከ ዛሬ አላለቀም። ከመድረኩ ወረድሁ። ተመርቄ ባንክ ስቀጠር “ጥሩ ነው፤ እዚህ ቁጥር እንጂ ስሜት አይጠየቅም” አልሁ። ደብተሬን መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። ግጥም ልክፍት ይሻል፤ የእኔ ሥራ ደግሞ ጥንቃቄ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሰው አይኖሩም የሚል ማመካኛም አበጀሁ።

ሞገር ይህን ማመካኛዬን ነጠቀኝ። ከእሱ የሚበልጥ ደፋር፣ ከእሱ ይልቅ ተመልካቹን የሚያስጨበጭብ ጋላቢ በዘመኑ ነበር። እሱ የሚታወቀው በጥንቃቄው ነው። ሞተሩ ንጹሕ፣ ዝግጅቱ የተሟላ። ውድድሩ የሚጀመረው በአራቱ ፊት የተወጠረው ገመድ ወደ ላይ ሲስፈነጠር ነው፤ የመጀመሪያውን መታጠፊያ ቀድሞ የያዘ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ስለዚህ ሞገር አነሳስን እንደ ዕለት ጸሎት ደጋግሞ ይለማመድ ነበር። ፍሬን በሌላት ሞተር ላይ የተቀመጠ ሂሳብ ያዥ ማለት እሱ ነው። በመታጠፊያው ላይ ጋዝ ለመስጠት የሚደፍረው፣ ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዷን ብሎን በእጁ ስለሚያውቃት ነው። ድፍረቱ ከጥንቃቄው የተወለደ እንጂ የጥንቃቄው ጠላት አልነበረም።

በዚያ ሳምንት ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣሁት። ያን ቀን የጠፋኝን ስንኝ ፈልጌ አገኘሁት። አንባቢ ይመነኝ፣ ስንኙ ደካማ ነበር፤ ቤት ለመምታት ብቻ የተሰካ ቃል ነበረበት። የጠፋኝ ልቤ ስለማያውቀው ነው። አሥር ዓመት በላይ ፍርሃቴን ስወቅስ ኖርሁ፤ ጥፋቱ ግን ብሎኑ ሳይጠብቅ የወጣው ሞተር ነበር።

ከሞገር ሕይወት ሁሉ ይበልጥ የያዘኝ ግን ከድሉ አንዱ አይደለም። በ1971 ኦሌ ኦልሰን የተባለ ዴንማርካዊ የዓለምን ዘውድ ወሰደበት፤ ይህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት ኒውካስል ላይ ከሞገር ሥር የተማረ ልጅ ነው። መምህሩ ሁለተኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘጋጀውን የሎንግ ትራክ የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ። በ1972 ሁለቱንም፣ አጭሩንም ረጅሙንም፣ በአንድ ዓመት ጠቀለላቸው።

ከዚያ 1973 መጣ። ፍጻሜው ፖላንድ ውስጥ በሆዡፍ ከተማ፣ ሽሎንስክ በሚባለው ግዙፍ ስታዲየም ነበር። ከመቶ ሺህ በላይ ተመልካች ገብቷል። ሃያው ዙር ሲያልቅ ሞገርና የአገሩ ልጅ የሚጮህለት ፖላንዳዊው የዢ ሽቻኪየል እኩል 13 ነጥብ ይዘው ተገኙ። አንድ ተጨማሪ ዙር፣ ሁለት ሰው ብቻ። የተጠበቀው ሞገር ነበር። ፖላንዳዊው ቀደመ። ሞገር ሊያልፈው ሲጠጋ የፊት ጎማው የሽቻኪየልን የኋላ ጎማ ነካ። ወደቀ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ጩኸት መካከል አፈር ላይ ተዘረረ፤ ሌላው ብቻውን ዙሩን ጨረሰ። ፖላንድ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮኗን አገኘች።

ያ ውድቀት ሲሆን ሞገር 33 ዓመቱ ነበር። እኔ ይህን ስጽፍ ያለሁበት ዕድሜ ነው ማለት ይቻላል። በቀጣዩ ዓመትም ሁለተኛ ሆነ። በ1976 የሎንግ ትራኩን ዘውድ ለሦስተኛ ጊዜ ጫነ፤ በስፒድዌይ ግን ወጣቶቹ እየመጡ ነበር፤ “አበቃለት” ለማለት የቸኮለ ሰው አይጠፋም። በ1977 ጎተንበርግ ላይ ዝናብ ባጨቀየው ሜዳ አምስተኛውን አሸነፈ፤ ከስዊድናዊው ኦቬ ፉንዲን ጋር ተስተካከለ።

በ1979 ፍጻሜው ወደ ሆዡፍ ተመለሰ። ወደዚያው ስታዲየም። አርባ ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶታል። ከስድስት ዓመት በፊት የወደቀበት አፈር፣ ያኔ ጆሮው ላይ የጮኸው ሕዝብ፣ ያው መታጠፊያ። እናም አሸነፈ። ፖላንዳዊው ዜኖን ፕሌህ ሁለተኛ፣ እንግሊዛዊው ማይክል ሊ ሦስተኛ። ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን በመሆን ከእሱ በፊት የነበሩትን ሁሉ አለፈ። ይህን ቁጥር ስዊድናዊው ቶኒ ሪካርድሰን የተስተካከለው በ2005 ነው።

አንድ እሑድ ከቡና በኋላ ይህን ሁሉ ለወንድሜ ነገርሁት። እንደ ሰባኪ ሳልሆን አልቀረሁም፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ስለ ወርቋ ሞተር ስነግረው ጣሪያውን ያያል። ስለ ስድስቱ ዘውድ ስነግረው የሲኒውን ጆሮ ይነካካል። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

“እንግሊዝ አልሆንልህ ብሎት አገሩ ሲገባ፣ ወንድም ጋሼ… ሰዎቹ ‘ሻንጣህስ?’ ብለውት ይሆን?”

እናታችን ረከቦቱን ልታነሣ ጎንበስ ብላ ነበር፤ እንደ ጎነበሰች ቀረች።

ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ቃል አልነበረኝም። ልክ እንደ መድረኩ ምሽት ጠፋኝ። ግን አሁን መውረጃ ደረጃ የለም። “እኔ ነኝ ያልሁት” አልሁ። “ከእግርህ በፊት ሻንጣህን ጠየቅሁ። ይቅር በለኝ።”

ዝም አለ። ቆይቶ ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ ጉልበቱ ሥር ያለውን ጠባሳ አሳየኝ፤ ከዚያም መናገር ጀመረ። ማታ ነው። ዕቃ ለማድረስ ይቸኩላል። ከጎን መንገድ አንድ መኪና ምልክት ሳያሳይ ገባበት። አስፋልቱ ላይ ነፋስ ያመጣው ስስ አሸዋ ነበር። “የፊቱን ፍሬን ነው የያዝሁት” አለ። “አሸዋ ላይ የፊት ፍሬን አይያዝም። ጎማው ቆመ፤ እኔ ግን አልቆምሁም። መኪናው አይደለም የጣለኝ። ፍሬኔ ነው።” ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢ ይገምተዋል። ክፍያው በደረሰው ዕቃ ቁጥር ነው፤ የተኛ ሰው ደግሞ ዕቃ አያደርስም። የአልጋ ኪራይ ግን ለተኛም ለቆመም እኩል ይቆጥራል። ያጠራቀማት ሁሉ በተኛበት አለቀች።

“ሌሊት ሌሊት እነዚያን ውድድሮች የማየው ለዚህ ነው” አለኝ። “ሰዎቹ ጎማው ሲንሸራተት አይደነግጡም። እኔ የደነገጥሁባትን ሰከንድ ደጋግሜ አያታለሁ።”

ይህን ሁሉ ወር ክፍሉን ዘግቶ ተኝቷል ብለን ስንወቅሰው፣ ለካስ ትምህርት ቤት ነበር።

ከዚያ እሑድ በኋላ ተአምር አልሆነም። ዕዳው አሁንም ከደመወዜ ይቆረጣል። ወንድሜ ግን በሁለተኛው ወር ከሰፈራችን በታች ካለ የሞተር ብስክሌት ጋራዥ ረዳት ሆኖ ገባ። ማታ ጥፍሩ በግራሶ ጠቁሮ ይመጣል፤ እናታችን የሞቀ ውኃና ላርጎ ታቀርብለታለች። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ በጋራዡ በኩል አለፍሁ። ሦስት ዕቃ አመላላሽ ወጣቶች ከብበውታል። አንዷን ሞተር በመቆሚያዋ አቁሞ መሬቱ ላይ አሸዋ በትኗል፤ የፊት ፍሬን ሲያዝ ጎማው ምን እንደሚሆን በእጁ እየገፋ ያሳያቸዋል። አላየኝም። እኔም አልጠራሁትም። ከዱባይ ምን ይዞ እንደመጣ በዓይኔ አየሁና ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ኢቫን ሞገር በሚያዝያ 2018 በ78 ዓመቱ በአውስትራሊያ አረፈ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የመርሳት በሽታ ይዞት ነበር። ያ እያንዳንዷን ብሎን የሚያውቅ አእምሮ ሂሳቡን ቀስ በቀስ ሲዘጋ፣ በ17 ዓመቱ ዊምብልደን አብራው የገባችው፣ አብራውም የተመለሰችው ሬይ አጠገቡ ነበረች። ወርቋ ሞተር በክራይስትቸርች ሙዚየም ገብታ ሕዝብ አይቷታል። ያን መመለስ ግን ማንም ሙዚየም አላስቀመጠውም። እኔ በበኩሌ፣ ቦታ ቢሰጠኝ፣ ከወርቋ ሞተር ቀድሜ እሱን አስቀምጠው ነበር።

አሁን ማታ ሂሳብ ከዘጋሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ደብተሬን እገልጣለሁ። ከመሳቢያው ከወጣ ወዲህ የጻፍሁት የመጀመሪያው ግጥም አራት ስንኝ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቤት ምቱ እንደ ወንድሜ እግር ትንሽ ያነክሳል፤ ላቃናው ሞክሬ ተውሁት። ብሎኖቹን ግን አንድ በአንድ አጥብቄያቸዋለሁ፦

የሄደው ሲመለስ፣ ምን ይዘህ አትበሉት፤
እጁ ባዶ ቢሆን፣ እግሩን ተመልከቱት፤
መንገዱን ብቻ ነው፣ ተሸክሞ የመጣው፤
የት እንዳለ ያውቃል፣ ድንጋዩ የመታው።